የሙራ ስንዴ

መርከቦቹ የጫኑት ስንዴ የንጉሥ ነበር። እስክንድርያ ላይ ተሰፍሮና ተመዝግቦ የተነሣ፣ ቁስጥንጥንያ ሲደርስም እንደገና ተሰፍሮ የሚረከቡት እህል ነው። መንገድ ላይ ቢጎድል ተጠያቂው የመርከቡ አለቃ ነው። መርከቦቹ በሉቅያ አገር፣ በሙራ ወደብ ባረፉ ጊዜ አገሩ በረኃብ ተይዞ ነበር። የከተማዋ ጳጳስ ቅዱስ ኒቆላዎስ ወደ ወደቡ ወርዶ ከየመርከቡ መቶ መቶ መስፈሪያ ስንዴ አውርዱልኝ ብሎ ለመናቸው። አለቆቹ ፈሩ። የንጉሥ እህል አጉድለው ምን ብለው ይመልሳሉ? ጳጳሱ «አይጎድልባችሁም፣ ዋሳችሁ እኔ ነኝ» አላቸው። አወረዱለት። ቁስጥንጥንያ ደርሰው እህሉ ሲሰፈር ከእስክንድርያው ልክ ምንም አልጎደለም፤ ሙራ ላይ የቀረውም ስንዴ ሕዝቡን ሁለት ዓመት መግቦ ለዘር ተረፈ።

ገድሉ ይህን የሚተርከው የቅዱሱን ክብር ለመንገር ነው፤ ተገቢም ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ግን ከተአምሩ በፊት ያለው ጊዜ ነው። መቶው መስፈሪያ ወርዷል፣ ቁስጥንጥንያ ገና ሩቅ ነው። በዚያ መካከል በባሕር ላይ ያሉት አለቆች ከአንድ ጳጳስ ቃል በቀር የያዙት ነገር የለም። እህሉ ሞልቶ ይሁን ጎድሎ አያውቁም። የእነዚህ ሰዎች ስም አልተጻፈም፤ የሚታሰቡበት ቀንም የላቸውም።

የተሰጠ ነገር ይጎድላል ወይስ አይጎድልም? ይህ ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ከውስጤ ወጥቶ አያውቅም። ሙራ ድረስ የሄድኩትም እሱን ይዤ ነው።

አባቴ ደብረ ታቦር አካባቢ ባለች የገጠር ደብር መሪጌታ ነበሩ። ታኅሣሥ 10 ቀን ስንክሳሩ ሲነበብ የኒቆላዎስ ዕረፍት ይነሣል። የነቢያት ጾም ስለሆነ፣ ማታ ከሽሮው በኋላ እሳት ዳር ተቀምጠው የጠዋቱን ንባብ በአማርኛ ይነግሩን ነበር። የሚነግሩን ግን ስለ ስንዴው ሳይሆን ስለ ሦስቱ ደናግል ነው፦ ሀብቱ ያለቀበት አባት በችግር ብዛት ልጆቹን ለኀፍረት ሊሰጥ አስቦ ሳለ፣ ኒቆላዎስ ገንዘብ በከረጢት ቋጥሮ በመስኮት እንደወረወረላቸው። አባቴ «ሌሊት ሄደ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ እኛም የሰውዬውን ኮቴ የምንሰማ ይመስል ትንፋሻችንን እንይዝ ነበር። የቀኑ ንባብ ስለሆነ ብቻ አልነበረም የሚነግሩን። ሳይታይ መስጠት ለአባቴ የክርስትና ዋናው ነገር ነበር።

የስንዴውን ታሪክ የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሮም ውስጥ ነው። የማስታምማቸው አሮጊት ባሪ ተወልደው ያደጉ የመርከበኛ ልጅ ነበሩ። ሲኞራ እላቸዋለሁ። አልጋቸው አጠገብ ኮመዲኖው ላይ፣ ከመድኃኒቶቻቸው ጋር፣ የቅዱስ ኒቆላዎስ ሥዕል ያለባት ትንሽ ጠርሙስ ነበረች። ባሪ ከሚገኘው መቃብሩ በየዓመቱ ሜይ 9 ቀን የሚቀዳው ጠበል ነው፤ «ማና» ይሉታል። ካህናቱ ከአፅሙ ሥር የሚያገኙትን ጥቂት ፈሳሽ በውኃ አብዝተው ለምእመናን ያድላሉ። አንድ ቀን ጠርሙሷን እየወለወልኩ «እኛም እኮ እናከብረዋለን፤ በታኅሣሥ አባቴ ገድሉን ያነብቡልን ነበር» ስላቸው እጄን ያዙኝ። «ኢትዮጵያ ድረስ?» አሉ። ለእሳቸው ሳን ኒኮላ የባሪ ሰው ነበር፤ ሌላ አገር ያውቀዋል ብለው አላሰቡም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ የደናግሉን፣ እሳቸው የስንዴውን ስንነጋገር ብዙ ምሽት አሳለፍን። ስለ መርከብ አለቆቹም ልብ እንድል ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። አባታቸው ጭነት ሲጎድልባቸው ከደመወዛቸው ይቆረጥ ስለነበር፣ የጎደለ ጭነት ማለት ምን እንደሆነ ከቤታቸው ያውቁታል።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ባሪ ሄጄ መቃብሩን ተሳለምኩ፤ የዚያኑ ዓመት በኅዳር ደግሞ ሙራ ሄድኩ።

ሙራ የዛሬ ስሟ ዴምሬ ነው፤ በቱርክ፣ በአንታልያ ክፍለ ሀገር ያለች ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ከአንታልያ የሚነሣው አውቶቡስ ኬመርን፣ ኩምሉጃን፣ ብርቱካኗ ስመ ጥር የሆነችውን ፊኒኬን ያልፍና መንገዱ በገደልና በባሕር መካከል ይጠባል። በግራ ውኃው፣ በቀኝ የታውሮስ ዐለት። አውቶቡሱ በየኩርባው ሲያጋድል አጠገቤ የተቀመጡት እናት መቁጠሪያቸውን ጠበቅ ያደርጉ ነበር። ከዚያ የቤይመሌክ ሐይቅ ይታያል፣ ተራሮቹ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፣ ሜዳው ይከፈታል። በሦስት በኩል ተራራ፣ በአንድ በኩል ባሕር።

የሜዳው አፈር ግን አይታይም። ከተራራው ሥር እስከ ባሕሩ ዳር በፕላስቲክና በመስታወት ቤቶች ተሸፍኗል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ሌላ ባሕር ይመስላል። በውስጡ ያለው ቲማቲምና ቃሪያ ነው። በአንዱ ቤት ደጃፍ ሻርፕ ያሰሩ ሴቶች ሣጥን እየሞሉ ጭነት መኪና ላይ ያቀብላሉ፤ እጃቸው በቲማቲም ቅጠል ጭማቂ ጠቁሯል። ሽታው መንገዱ ላይ ሁሉ አለ። በክረምት የሚበላው ቲማቲም የሚመጣው እንዲህ ካሉ ሜዳዎች ነው።

ይህን ሜዳ የሠራው ወንዙ ነው። ከታውሮስ ገደል ውስጥ የሚወርደው የሙራ ወንዝ በየዘመኑ ሞልቶ፣ የተራራውን አፈር ተሸክሞ እያመጣ፣ አሮጌዋን ከተማ ብዙ ሜትር በሚደርስ ደለል ቀበራት። ጳጳሱ ያስተማረበት አደባባይ፣ ገበያው፣ ሁሉም ከቲማቲሙ ሥር ነው። ከደለሉ በላይ የቀረው ከተራራው የተጠጋው ብቻ ነው፦ ሺህዎች የሚይዘው የሮማውያን ቲያትርና በገደሉ ላይ እንደ ቤት ደጃፍ ሆነው የተፈለፈሉት የሉቅያ ሰዎች መቃብሮች። ጎብኚው ሁሉ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ድንቅ ሥራ ነው፤ እኔ ግን ብዙ አልቆየሁበትም።

ቤተ ክርስቲያኑ ከተማው መካከል ነው። ወደ እሱ የሚያደርሰው መንገድ ግራና ቀኝ ሱቅ ነው፤ ለሩሲያ ምእመናን የተዘጋጀ ሥዕለ አድኅኖ፣ ቀይ ካባ የለበሰ የአውሮፓ ሽማግሌ ምስል፣ የሮማን ጭማቂ። ትኬት ተቆርጦ ይገባል፤ በሕግ ሙዚየም ነውና። ከመንገዱ ወደ ታች በደረጃ ትወርዳላችሁ። ደለሉ ቀብሮት ስለነበር ዙሪያው የተቆረጠ አፈር ነው፤ በአፈሩ ግድግዳ ላይ የጎርፉ ዘመናት እየተደራረቡ፣ አሸዋው ለብቻ፣ ጠጠሩ ለብቻ፣ ጥቁሩ ጭቃ ለብቻ ይታያሉ። እጄን አሳረፍኩበት። ቤተ ክርስቲያኑን የቀበረው አፈርና ዛሬ ከተማውን የሚያበላው አፈር አንድ ነው።

ሕንፃው በአብዛኛው የስምንተኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፈርሶ ተጠግኗል። እ.ኤ.አ. በ1043 ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ሞኖማኮስና ንግሥት ዞዪ እንዳሳደሱት በድንጋይ ተጽፏል። ወለሉ ቀለም ቀለም ባለው እብነ በረድ በክብና በአራት ማዕዘን የተነጠፈ ነው። በመቅደሱ ምሥራቅ የካህናቱ መቀመጫ በግማሽ ክብ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። መካከሉ ላይ መንበሩ የነበረበትን ቦታ አይቼ ወደ ምዕራብ ዞርኩ፤ እዚያ ተቀምጦ ሕዝቡን የሚያይ ጳጳስ የሚያየው በሩን ነው። ከበሩ ወዲያ ደግሞ መንገዱ ወደ ወደቡ ይወርዳል።

በደቡቡ በኩል የእርሱ ነው የሚባለው የእብነ በረድ ሣጥን በመስታወት ተከልሎ ቆሟል። ጎኑ ላይ ቅጠል ተቀርጾበታል፤ ከጎኑ አንዱ ክፍል ተሰብሮ ክፍት ነው። አሁን እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ብቻ ይታያል፤ ውስጡ ጨለማ ነው። ሩሲያውያን ሴቶች በየተራ መስታወቱን በግንባራቸው ነክተው ይሳለሙታል። አንዷ የታጠፈ ወረቀት በጫፉ ሸጎጠች፤ ስም የተጻፈበት መሆን አለበት።

ከዚህ አፅሙን የወሰዱት የባሪ መርከበኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1087 ነው። አገሩ ከማንዚከርት ጦርነት በኋላ በሴልጁክ ቱርኮች እጅ ወድቆ ስለነበር፣ ቅዱሱን ከጥፋት አዳንነው ይላሉ። ራሳቸው ባሪዎቹ የጻፉት ታሪክ ግን አይደብቀውም፤ መቃብሩን የሚጠብቁት መነኮሳት ለምነዋቸዋል፣ አልቅሰዋል፣ ከመርከበኞቹ አንድ ወጣት እብነ በረዱን በብረት መዶሻ ሰብሮታል። ሜይ 9 ባሪ ገቡ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የቬኒስ ሰዎች መጥተው የቀረውን ቁርጥራጭ ሰብስበው ሄዱ። በሃያኛው መቶ ዓመት የሁለቱ ከተሞች አፅም ሲመረመር የአንድ ሰው ሆኖ ተገኝቷል። ከሙራ ክርስቲያኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1923 በሎዛን ስምምነት ቱርክና ግሪክ ሕዝብ ሲለዋወጡ የቀሩትም ወጡ። አፅሙ ከሄደ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሕዝቡም ሄደ ማለት ነው። ዛሬ በዲሴምበር 6፣ በዕረፍቱ ቀን፣ በመንግሥት ፈቃድ ቅዳሴ ይቀደሳል፤ በቀረው ጊዜ ግን ጸሎተኛውም እንደ ጎብኚ ትኬት ቆርጦ ነው የሚገባው።

የባሪን ሰዎች ሌቦች ብዬ ማለፍ አልችልም። የሲኞራን ፊት አውቀዋለሁ፤ ያን ጠርሙስ ይዘው በሞት አፋፍ ሲጸልዩ አጠገባቸው ነበርኩ። ዘጠኝ መቶ ዓመት እንዲያ የተወደደ ቅዱስ ባሪ ውስጥ እንግዳ ነው ማለት አይቻልም። «ካልወሰዱት ይጠፋ ነበር» የሚለውን ግን አልቀበለውም፤ አነጋገሩን እናውቀዋለንና። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰዱት ታቦታት እስከ ዛሬ ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም ተቆልፎባቸው አሉ፤ አሥራ አንድ ናቸው። የሙዚየሙ ሰዎች እንኳ ስለ ክብራቸው አያዩዋቸውም ይባላል። ማንም ካላያቸውና ማንም ካልቀደሰባቸው ለማን ነው የሚጠበቁት? እነዚያ ታቦታት የሚጠብቃቸው መቅደስና ካህን፣ ጥምቀት በመጣ ቁጥር ሊያጅባቸው የሚወጣ ሕዝብ አላቸው። የሙራ መቃብር ግን ዛሬ የሚጠብቀው ሙዚየም ነው። ስለዚህ ታቦታቱ ይመለሱ እላለሁ፤ የኒቆላዎስ አፅም ከባሪ ተነሥቶ በመስታወት ሣጥን ይቀመጥ የሚለውን ግን አልደግፍም። ቅዱስ ነገር ቤቱ የሚጸልይበት ሰው ባለበት ነው ብዬ አምናለሁ።

እንዲህ ካልኩ ደግሞ ሙራ ምን ቀራት? አፅም የለ፣ ታቦት የለ፣ ምእመን የለ። በእኛ ሥርዓት ታቦት የሌለበት ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን አይባልም። ሳምራዊቷም ሴት ስለ ተራራውና ስለ ኢየሩሳሌም ስትጠይቅ ጌታ የመለሰላት ስግደትን በቦታ የሚያስር መልስ አይደለም። ቢሆንም ባዶው ሣጥን ፊት ቆሜ ቅር አላለኝም። የክርስቲያን ሁሉ ትልቁ መቃብር ባዶ ነው፤ ምድር ሁሉ የሚሳለመውም ባዶ ስለሆነ ነው። ነገር ግን የሙራን መቃብር ያስለቀቀው ትንሣኤ አይደለም፣ መዶሻ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። በእጅ የተወሰደ ነገር ይጎድላል፤ ያንን ቀዳዳ ያየ ሰው አልጎደለም ሊል አይችልም።

በማግስቱ ወደቡ ወረድኩ። ጥንት እንድርያኬ ይባል ነበር፤ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ወደቡም በደለል ሞልቶ አሁን ረግረግና ሸምበቆ ሆኗል፤ ባሕሩ ራቅ ብሎ ነው የሚታየው። ቆሞ የቀረው ጎተራው ነው። ንጉሥ ሐድርያኖስ ያሠራው፣ ስምንት ክፍል ጎን ለጎን የተደረደሩበት፣ ግንቡ እስከ ዛሬ ጸንቶ ያለ የድንጋይ ጎተራ። ጣራው ተጠግኖ የሉቅያ ሥልጣኔ ሙዚየም ሆኗል። ከግብፅ የተነሣው እህል የሚያርፍበት፣ የንጉሥ ስንዴ የሚከማችበት ቤት ነው። አንዱ ክፍል ገብቼ ቆምኩ። ከፍታው ከአንገት ቀና ብሎ የሚታይ ነው። ይህ ሁሉ ሞልቶ ሳለ ከበሩ ውጭ የተራበ ሕዝብ እንደነበር አሰብኩ። ረኃብ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ እህሉ አለ፣ ግን የሌላ ነው፣ ተቆጥሯል፣ ወደ ሌላ አገር ያልፋል። ኒቆላዎስ የገባው በዚያ መካከል ነው። ዝናብ እንዲዘንብ አልጸለየም፤ እህሉ ያለበትን ቤት ያውቃልና እዚያ ሄዶ ለመነ።

በ1977 ዓ.ም. ልጅ ነበርኩ። ከዋግና ከላስታ የተነሡ ሰዎች በጋይንት አድርገው እኛ አገር ደረሱ። የእኛም አዝመራ የተረፈው አልነበረም፤ ቢሆንም ጎተራችን ውስጥ ገብስና ባቄላ ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት በቁና እየሰፈረች ንፍሮ ትቀቅላለች፤ በራፍ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ በእጁ መዳፍ ይቀበላል። ድስቱን የማቀርበው እኔ ስለነበርኩ መዳፎቹን አስታውሳለሁ፤ አንዳንዱ ሙቀቱ እያቃጠለው አይለቅም ነበር። እናቴ የምትሰፍረውን አትቆጥርም። እኔ ግን እቆጥር ነበር። ጎተራው ውስጥ ክንዴን አስገብቼ እህሉ የት እንደደረሰ እለካ ነበር፤ የአባቴን ታሪክ ስለማምን እንደማይወርድ እርግጠኛ ነበርኩ። ወረደ። ሐምሌ ሲገባ እናቴ የጎተራውን ወለል በእጇ ጠረገች። አንዱን በሬ ሸጥን። በቀን አንዴ መብላት ጀመርን።

ያን ጊዜ አባቴን ጠየቅኋቸው። «አባዬ፣ ለሰጠ አይጎድልበትም ይሉን አልነበር?» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «እናትሽን ጠይቂያት» አሉኝ። እናቴ ምድጃውን እያራገፈች ነበር። «ታዲያ ሰው በር ላይ ቆሞ ምን ይደረጋል?» አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም። ይህ መልስ እንዳልሆነ ያኔም ገብቶኛል። ከመልስ በላይ እንደሆነ የገባኝ ግን ጎልምሼ ነው።

ጎተራው ውስጥ ቆሜ ያሰብኩት ይህን ነው። ከዚያ ደግሞ ሌላው መርከብ ትዝ አለኝ። ቅዱስ ጳውሎስ ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ መርከብ የለወጠው እዚሁ ነው፤ ሉቃስ በሐዋርያት ሥራ በ27ኛው ምዕራፍ ሙራን በስሟ ይጠራታል። የመቶ አለቃው ወደ ኢጣልያ የሚሄድ የእስክንድርያ መርከብ አግኝቶ አሳፈራቸው። ያ መርከብ የጫነው ስንዴ ነበር፤ ያው የግብፅ ስንዴ፣ በዚያው መንገድ፣ ከኒቆላዎስ ሁለት መቶ ዓመት ከምናምን ቀድሞ። ማዕበል መጣ። መርከቡን ለማቅለል ስንዴውን ባሕር ውስጥ ጣሉት። መርከቡም ተሰባበረ። በውስጡ የነበሩት 276 ነፍሳት ግን አንድም ሳይጠፋ ወደ ምድር ወጡ።

ከአንድ ወደብ የወጡ ሁለት የስንዴ ታሪኮች ናቸው። በአንዱ ስንዴውም ሰውም ተረፈ፤ በሌላው ስንዴው ሁሉ ጠፍቶ ሰው ተረፈ። ከልጅነቴ ጀምሮ የእናቴን ጎተራ የማስተያየው ከኒቆላዎስ መርከብ ጋር ነበር፣ ሁልጊዜም ይጎድልብኝ ነበር። የእሷ ጎተራ የሚመስለው ግን የጳውሎስን መርከብ ነው። እህሉ አለቀ፤ ከቤታችን ልጆች አንዳችን አልሞትንም፣ በራፋችን ላይ ከተቀመጡትም ብዙዎቹ ክረምቱን አልፈው አገራቸው ገቡ። ሁለቱም ታሪኮች በመጽሐፍ ያሉ ናቸው፤ እግዚአብሔር የሠራውም በሁለቱ ነው። ተአምሩን ብቻ እየጠበቅን ሁለተኛውን ዓይነት ሥራውን ሳናየው እንቀራለን። ይህን ሳስብ ብዙ ዓመት የተሸከምኩት አንድ ነገር ቀለለኝ፤ አልደብቅም።

ሁሉም ግን አልቀለለም። በራፋችን ላይ አንድ ሕፃን ሞቷል። እናቱ ጡቷ ደርቆ ነበር፤ ንፍሮው ለእሱ አይሆንም። አባቴ ፍትሐቱን አደረሱለት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ሰሜን ተቀበረ። እናቴ የክርስትና ስሙን ጠይቃ ያዘችው። እስክታርፍ ድረስ በየዓመቱ የራሷን ሙታን ስም ለካህኑ ስታስነሣ የእሱንም ታስነሣ ነበር። በጳውሎስ መርከብ የተረፉት ሁሉም ናቸው፤ ሉቃስ ቁጥሩን የጻፈው ለዚህ ይመስለኛል። በእኛ በራፍ ላይ ግን አንድ ጎድሏል።

እዚያው ጎተራ ውስጥ ጸለይኩ። የሙዚየሙ ጠባቂ አይቶኝ ዞር አለልኝ። የእናቴንና የአባቴን የክርስትና ስም አነሣሁ፤ የሲኞራን፣ የሕፃኑንም። የመርከብ አለቆቹን የምጠራበት ስም ስላልነበረኝ «የምታውቃቸውን አስባቸው» አልኩ።

ሮም ስመለስ ነገሩን ሁሉ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝና «ልጄ፣ ተአምር ምልክት ነው እንጂ ውል አይደለም» አሉኝ። ተቀብያቸዋለሁ። ምልክቱን ግን አለቆቹ ያዩት ቁስጥንጥንያ ከደረሱ በኋላ ነው፤ ስንዴውን ሲያወርዱ ያዩት ነገር አልነበረም፣ እናቴም ቁናዋን ስትሞላ ያየችው ነገር አልነበረም። በእሷ ላይ የሆነውን ሳስብ ከአለቆቹ የምታንስበት ነገር አይታየኝም፤ ጎተራው እንደሚጎድል በየጠዋቱ በዓይኗ እያየች ነውና የሰጠችው። ለንስሐ አባቴ ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ፣ «እውነት ነው» ብለውኛል። ስለ ሕፃኑ ስጠይቃቸው ግን የመለሱልኝ የለም፤ እኔም ያዝ ለቀቅ የሚል መልስ እንዲሰጡኝ አልፈለግሁም። ጥያቄውን በየታኅሣሡ ስንክሳር ሲነበብ ይዤው እቆማለሁ፤ ስሙንም እናቴ እንዳደረገችው አስነሣዋለሁ።